በአምስት ቅጂ የተጻፈ ቅናት

ቀናተኛ ነኝ። የሌላው ሴት ቅናት በጎረቤት ሐሜት የሚቀር ነው፤ የእኔ ግን ተጽፎ፣ ተነቦ፣ ቴምብር ተለጥፎበት፣ ማኅተም ተመትቶበት በአምስት ቅጂ ድሬዳዋን ዞሯል። ስለዚህ ልክድ ብል እንኳ የምክድበት መንገድ የለኝም።

ለነገሩ ያገባሁት ሰው የሚቀናበት ዓይነት አልነበረም። ጌታነህ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ ከባቡር ጥገናው ሲመለስ ዘይት ዘይት የሚሸት ሰው ነው። ቅናት ግን መልክ አይመርጥም። እንደ ከተማችን ሙቀት ነው፤ ጥላ ውስጥ ብትገቡም ተከትሏችሁ ይገባል። ደግሞም ምክንያት ነበረኝ። ያኔ ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው፤ ልጅ አልወለድንም። እሱ ይህን ነገር አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ዝምታ መተርጎም የምወድ ሴት ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ባሌና ወዳጁ አህመድ ጫታቸውን ይዘው ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተጋድመዋል። አህመድ መጋላ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ የማይችል ሰው ነው፤ ሲያንሾካሹክ ሦስተኛው ቤት ይሰማል። እኔ በመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ምስር እለቅማለሁ። ምስሩን ቀድሞ የለቀምኩት ቢሆንም ደግሜ እለቅመዋለሁ።

«ካምቢያሌ ማክሰኞ ቀኗ ነው አይደል?» አለ አህመድ።

«ማክሰኞ ነው» አለ ባሌ። «እግዜር ያውጣን።»

«አንተ ነህ አቦ ጉድ ያፈላኸው። ጀርባዋ ላይ ፈረምክላት፣ እኔንም አስፈረምከኝ። ቀኗ ካለፈ ደግሞ ወለድ አለ።»

«አውቃለሁ። ካልሆነም ይዘዋት እዚሁ ቤት ይመጣሉ፤ የተጻፈው የእኔ አድራሻ ነው።»

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«አብደሃል? ብታውቅማ ቤቱን ከነጣራው ታቃጥለዋለች።»

ካምቢያሌ ምን እንደሆነ ዛሬ ከነአንቀጹ አውቃለሁ። «በዚህ ቀን ይህን ያህል እከፍላለሁ» ተብሎ የሚፈረም የዕዳ ወረቀት ነው፤ ዋስ የሚሆን ሰው ጀርባው ላይ ይፈርማል፤ ቀኑ ካለፈ ወለድ ይታሰብበታል። ያን ዕለት ግን እኔ የማውቀው አራጣ የሚባለውን ነው። ወለድ የባንክ ሰዎች ቃል መሆኑን ማን ነግሮኝ? ቀኗ ደርሷል፣ ወለድ አለ፣ ይዘዋት ቤት ይመጣሉ ሲባል የሰማች ሚስት ምን ትበል? ስሟ ራሱ ሽቶ ሽቶ ይሸታል። ካምቢያሌ! ከጣሊያን የተወለደች መሆን አለባት አልኩ። ጀርባዋ ላይ ፈረመ የተባለውን እንዴት እንደተረጎምኩት አልነግራችሁም፤ ያሳፍራል።

ምስሩን ደፍቼው ወደ ጎረቤቴ ወደ እማማ ዘይነባ ሮጥኩ። እማማ ዘይነባ ሳምቡሳ እየጠቀለሉ የከተማውን ወሬ አብረው የሚጠቀልሉ ትልቅ ሴት ናቸው። ካምቢያሌ የምትባል ሴት ያውቁ እንደሆነ ስጠይቃቸው እጃቸው ሊጡ ላይ ቆመ።

«ወላሂ ስሟን ሰምቻለሁ» አሉ። «የእህቴ ባል ሱቁን ያጣው በሷ ነው።»

«ምን ትመስላለች?»

«አላየኋትም። እሱ ግን ባያት ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ሌላ ማስረጃ ምን ያደርግልኛል?

ሰኞን በለቅሶ አሳለፍኩ። ማክሰኞ ጧት ግን ስነሳ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ይህች ሴት ደርሳ ቤቴ ልትመጣ ነው። ጠላቴ ናት፤ ዓይኗን ባላይ እወዳለሁ፤ ነገር ግን አራስ ሴት ቤቴ ገብታ ጦሟን አደረች ቢባል የሚሰደበው ማን ነው? እናቴ ናት። ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰላችሁ፣ ገንፎ አገነፋሁ። እያለቀስኩና እየተራገምኩ፣ ማማሰያውን እንደ ጠላት አንገት አንቄ አማሰልኩ። በዚያ ንዴት የተገነፋ ገንፎ አንድም ጓል አልነበረውም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ገንፎ አውጥቼ አላውቅም። መሐሉን ጎድጉጄ ቅቤና በርበሬ አደረግሁበትና ጠበቅኩ።

ማንም አልመጣም። ማታ ጌታነህ ገንፎውን ሲያይ ደስ አለውና ማን ወለደ ብሎ ጠየቀኝ። አንተ ታውቃለህ አልኩት። ትንሽ አሰበና የጎረቤታችን ፍየል መሰለችኝ አለ፤ ጠርጎ በላው። ለውሽማው ምጥ ያዘጋጀሁትን ገንፎ ባሌ በማንኪያ እየዛቀ ሲያደንቅልኝ የተሰማኝን ልጽፈው አልችልም።

ረቡዕ እንደገና አገነፋሁ። በነገራችን ላይ ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው ስድስት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ይተኛል፤ ውሻ እንኳ ለመጮህ አፉን ከፍቶ ሐሳቡን ይለውጣል። በራችን የተንኳኳው በዚያ ሰዓት ነው። ስከፍት አንድ ሰው ጥቁር የሱፍ ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ በክንዱ የቆዳ ቦርሳ አቅፎ ቆሟል። ላቡ እስከ ጫማው ይወርዳል። በዚያ ፀሐይ ሱፍ የሚለብስ ወይ እብድ ነው ወይ የመንግሥት ሰው።

ውል አዋዋይ መሆኑን ተናገረና «ካምቢያሌዋን ይዣት መጥቻለሁ» አለ።

አንገቴን አስግጌ ከኋላው አየሁ። ማንም የለም።

«ታዲያ ያስገቧት እንጂ፤ በዚህ ፀሐይ ውጭ ያቆሟታል?» አልኩት።

ቦርሳውን መታ መታ አደረገ። «እዚህ ውስጥ ናት።»

ቦርሳውን አየሁት። ቀጭን ቦርሳ ነው። ሰውየው የሱፍ ኮቱ አናቱ ላይ የወጣበት መሰለኝና ጥላ ውስጥ አስገብቼ ውሃ ሰጠሁት። ውሃውን ሲጠጣ ዓይኑ ገንፎው ላይ አረፈ። ወጉ ነውና ይቅመሱ አልኩት፤ ቀመሰ፤ ከዚያም ኮቱን አወለቀ። እንዲህ ሆኖ የካምቢያሌን ገንፎ የሕግ ሰው በላው። እየበላም ረጋ ብሎ ካምቢያሌ ሴት ሳትሆን ወረቀት መሆኗን አስረዳኝ፤ አውጥቶም አሳየኝ። እውነትም ወረቀት ናት። ጀርባዋን ገለበጠው፤ የባሌ ፊርማ ከነጭራው አለ፤ ከሥሩ የአህመድ።

እናንተዬ፣ የዚያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ! ወረቀቷን ልስማት ምንም አልቀረኝም። ደስታዬ ግን ሰውየው አፉን ጠርጎ የፊቷን ገጽ እስኪያነብልኝ ድረስ ብቻ ነው የቆየው። «እኔ ወይዘሮ አስካለ…» ብሎ ጀመረ።

አስካለን አውቃታለሁ። ባሏ ከጌታነህ ጋር አንድ ጥገና ቤት የሚሠራ ነበር፤ ሲሞት ለቅሶ ደርሼ አይቻታለሁ። እዚያ ስንት ሴት ፊቷን ነጭታ፣ ዓይኗ አብጦ ሳለ እሷ ጥቁር ለብሳ እንደ ሥዕል ተቀምጣለች። ሐዘን የሚያምርበት ሰው አይቼ የማውቀው እሷን ብቻ ነው። ያን ቀን ቤቴ ተመልሼ ጥቁር ነጠላ አድርጌ መስታወት ፊት ቆሜ ነበር፤ የቁራ ቤተ ዘመድ መስዬ ተውኩት። በኋላ ዋሂል ሄዳ ልብስ ስፌት ጀመረች ሲባል ሰምቼ፣ ራቀች ብዬ እግዜርን አመስግኜ ነበር። ለካ የስፌት መኪናዋን ከከዚራ ሰፈር ሙሴ ከምንለው አንድ ፈረንጅ ነጋዴ በካምቢያሌ ወስዳ፣ ዋሶቿ ባሌና አህመድ ኖረዋል፤ ሙሴው ወረቀቷን ለባንክ አስተላልፏል፤ ዋሂል ሄዶ የሚሰበስብ ስለሌለ መክፈያው የእኔ ቤት ተብሎ ተጽፏል፤ ቀኑም ትናንት ሳትከፍል አልፏል። የወረቀቷ ቅናት ለቀቀኝና የሥጋዋ ያዘኝ።

ውል አዋዋዩ ብዕሩን አወጣ፤ በወረቀቶቹ መሐል ካርቦን ደረደረ።

«ዕዳው እዚህ ቤት እንዲከፈል ሕጋዊ ጥያቄ አቅርቤያለሁ። ምን ይመልሳሉ? መልስዎ ቃል በቃል ይጻፋል።»

ልብ በሉ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ስናገር የሚያዳምጠኝ አልነበረም። እማማ ዘይነባ እንኳ መሐል ላይ ያቋርጡኛል። አሁን አንድ የመንግሥት ሰው፣ ያውም ከረባት ያሰረ፣ የምለውን ሁሉ ቃል በቃል ሊጽፍልኝ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ይጠብቀኛል። እንዲህ ያለ ዕድል የሚያልፋት ሴት አለች? ተናገርኩ። ጥላው ከግድግዳው ተነስቶ በሩ ጋ እስኪደርስ ተናገርኩ። ሰውየው የጽሕፈት ፍቅር ያለበት ነው፤ ቀና ሳይል ይጽፋል፤ ገንፎ ሲያምረው ብቻ ያርፋል።

ሲጨርስ አነበበልኝ። እኔ ማንበብ የተማርኩት ከቤታችን ግድግዳ ላይ ከለጠፍነው ጋዜጣ ነው፤ ስለዚህ ስለ ፊደል አስተያየት አለኝ። «ሰነፍ» የሚለውን በእሳቱ ሰ ጽፎት አየሁና በንጉሡ ሠ ይሁንልኝ አልኩ፤ እሱ አይሆንም አለ። ባሌ እኮ ነው፣ ቢሰንፍም ክብር ይገባዋል ብዬ ተከራከርኩት። በመጨረሻ አስተካከለልኝ። የተጻፈው ይህ ነው፦

«ተጠያቂዋ ወይዘሮ ሲመልሱ፦ አልከፍልም። ባሌ አቶ ጌታነህ ሠነፍ ከመሆናቸውም በላይ በሚተኙበት ጊዜ ከጅቡቲ ባቡር የማያንስ ድምፅ ያሰማሉ። ካገቡኝ ጀምሮ የገዙልኝ አንድ ሻሽ ሲሆን እርሱም ቀለሙ ለቋል። ወይዘሮ አስካለ የተባሉት ግን ጥቁር ለብሰው እንኳ የሚያምሩ፣ አንገታቸው ብርሌ የመሰለ ሴት ናቸው። ባሌም ወደ እርሳቸው ያዘነበሉት እኔ ልጅ ስላልወለድኩላቸው መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ባሌን ለማንም፣ ለባንክም ቢሆን፣ አላስረክብም ብለዋል።»

ቃል በቃል ይሉታል እንግዲህ። እኔ እንደዚያ ባማረ አነጋገር አልተናገርኩም፤ ሰውየው ስድቤን ሁሉ ኮት አልብሶታል። ስሜን በገዛ እጄ ጽፌ ፈረምኩ። አምስቱም ላይ።

ሐሙስ ቅልል አለኝ። ለባሌም ምንም አልነገርኩት፤ ተናግሬ ወጥቶልኛል። ዓርብ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ። ሻሽ ሻጩ ሲያየኝ ከት ብሎ ሳቀና ቀለሙ የማይለቅ መጥቶልኛል አለኝ። አጋጣሚ ነው ብዬ አለፍኩ። ወደ ቤት ሳቀና አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ገታልኝና፣ እለፊ እትዬ፣ ለባንክም ቢሆን እንዳታስረክቢው ብሎኝ ሄደ። እዚያው መንገድ መሐል ወደ ኋላ ዞርኩ።

ውል አዋዋዩ ጋ በሩጫ ደረስኩ። ነገሩን ሳይደናገጥ አስረዳኝ። ካምቢያሌ ሳይከፈል ሲቀር እንዲህ ያለ የተቃውሞ ጽሑፍ ይጻፋል፤ ስሙ ፕሮቴስቶ ነው። ባንኩ በአራት ቀን ውስጥ ለሙሴው ያስታውቃል፤ ሙሴው በሁለት ቀን ለአህመድ፤ አህመድ በሁለት ቀን ለጌታነህ፤ ጌታነህ ለአስካለ። ለሁሉም ቅጂው ይደርሳቸዋል።

«ይቅደዱልኝ» አልኩት።

«ፕሮቴስቶ አይቀደድም። ደግሞም በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ባንክ ቤት ሦስት ጊዜ ተነቧል።»

ከዚያ ሙሴው ሱቅ ሮጥኩ። ሙሴው ከስፌት መኪናዎቹ መሐል ተቀምጦ መነጽሩን ይጠርጋል። ዓይኑ እርጥብ ነው። ወረቀቱን በጧት ለአህመድ ልኮታል። ልሟገተው ስጀምር እጁን አነሳና በዚያ በሚያነክሰው አማርኛው፣ «ማዳም፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሚስት አለኝ። አንድ ቀን ለባንክ አልሰጥህም ብላኝ አታውቅም» አለኝ። አጽናንቼው ወጣሁ።

አህመድ ሱቅ ስደርስ ጨርቅ ይለካል፤ ሲያየኝ ሜትሩን ጥሎ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ስቆ እስኪጨርስ ጠበቅኩትና ወንድሜ እባክህ አትስጠው ብዬ ለመንኩት። ያኔ ፊቱ ተለወጠ። ስለ ልጅ ያልኩትን አንብቦታል። ለጌታነህ መስጠት ግዴታው መሆኑን፣ ዋስ ስለሆነ እሱም እንደሚጠየቅ ነገረኝና፣ «ሁለት ቀን አለኝ፤ ሁለቱንም ቀን አስቀምጥልሻለሁ። ከዚህ በላይ ሕጉ አይፈቅድልኝም» አለ።

እነዚያን ሁለት ቀናት አልረሳቸውም። ልብሱን ሁለት ሁለት ጊዜ አጠብኩለት፤ ከጥገናው ሲመለስ እግሩን በሞቀ ውሃ ዘፈዘፍኩለት። ምን አጠፋሽ ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት። ሰባት ዓመት ከእኔ ጋር የኖረ ሰው ነውና አላመነኝም።

ሰኞ ምሳ ሰዓት መጣ። ከሸሚዙ ኪስ የወረቀቱ ጫፍ ይታያል፤ ዘይት ነክቶታል። ምሳውን በላ፤ እጁን ታጠበ፤ ተጋደመ። እኔ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ያን ቀን አላንኮራፋም። ከዚያ ዝምታ የሚያስፈራ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ስድቡን ቢመልስልኝ፣ ሰሐን ቢወረውር እንኳ እወድ ነበር። ግድግዳውን እያየ ሳይተኛ ተኛ።

በማግስቱ የሥራ ልብሱን ትቶ የሠርጋችንን ኮት ለበሰና ወጣ። አለቀልኝ አልኩ። ወይ ሽማግሌ ሊሰበስብ ነው፣ ወይ ዋሂል ሊሄድ ነው። ሣጥኔን አውጥቼ የእኔ የሆነውን ከእሱ መለየት ጀመርኩ። የእኔ የሆነው ትንሽ ነበር። ቀለሙ የለቀቀውን ሻሽ ብዙ ጊዜ ያዝኩት፤ የማን እንደሚባል አላወቅሁም።

ሲመለስ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ኮቱ በላብ ርሷል። የተከፈተውን ሣጥን አየ፤ እኔን አየ፤ ባለ ማኅተም ወረቀት ዘረጋልኝና አንብቢው አለ። በዚያው በውል አዋዋዩ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ ነው።

«እኔ ጌታነህ የባለቤቴን ቃል አንብቤ ተረድቻለሁ። ሠነፍ ነው ያለችው እውነት ነው። አንኮራፋለሁ። ሻሹም ቀለሙ ለቋል። ለወይዘሮ አስካለ የፈረምኩት ባሏ ሲሞት አደራ ስላለኝ ነው። ልጅ ስላልወለደችልኝ ወደ ሌላ ሴት አዘነበለ ያለችው ሐሰት ነው። ይህን በአፌ ልነግራት ሰባት ዓመት ሞክሬ ስላልሆነልኝ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። ዕዳውን ከፍያለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን ሌላ ነው።

«ቴምብሩ ስንት ፈጀብህ?»

«ተይው» አለ።

«ለምን ደበቅኸኝ?»

«ብነግርሽ ይህን ሁሉ ትይኝ ነበር።»

«ሳትነግረኝስ ቀረሁ?»

«አልቀረሽም። ግን ብነግርሽ ለእኔ ብቻ ነበር የምትይው» አለና ኮቱን አወለቀ። ሣጥኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ ቦታው መለሰው፤ ተጋደመም። ብዙ ሳይቆይ ባቡሩ ተነሳ። ያን ቀን ድምፁ እንደ መዝሙር ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት አስካለ መጣች። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት፣ የጭነት መኪናው እዚያው አድሮ፣ ገንዘቡን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ስትጨነቅ ነበር የሰነበተችው። ለጌታነህ ቆጥራ አስረከበችው። ሐዘኗን አውልቃ ቢጫ ለብሳለች። ከጥቁሩ ይልቅ ያምርባታል፤ ይህን ማየት ለእኔ ምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ። ምግብ አቀረብኩላት። ጉርሻዋን ዋጥ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ያ ወረቀት ደርሶኛል» አለች። «እኔ አላነብም፤ የዋሂል መምህር ነው ያነበበልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት አልጠበቀችኝም።

«ጥቁር ለብሰው እንኳ የሚያምሩ የሚለው ጋ ሲደርስ፣ እንደገና በል አልኩት። ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ያለኝ ሰው የለም እኮ፣ እህቴ። ሁሉም ምስኪን ነው የሚለኝ።»

«እውነቴን ነው» አልኳት። እውነቴንም ነበር፤ ቅናት ብዙ ነገር ይዋሻል እንጂ ስለ ጠላቱ ውበት አይዋሽም። ትንሽ ተያየንና ሳቅን፤ እሷ ቀድማ፣ እኔ ተከትዬ። ስንቅ ብዬ የተረፈውን ዳቦ ቋጠርኩላት።

ስትነሳ ጌታነህም መኪናው ድረስ ሊሸኛት ብድግ ብሎ ኮፍያውን ፈለገ። ኮፍያውን እኔ አገኘሁትና መልሼ ሰቀልኩት።

«አንተ ቁጭ በል፤ እኔ እሸኛታለሁ» አልኩት።

ቁጭ አለ።